«በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ከመባል «የኢትዮጵያ» እስከመባል

 

በዒድ ማለዳ ከልደታ ተነስተን በሜክሲኮ በኩል ወደ ስታዲየም ስንጓዝ ልጆቻችን አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ተክቢራ እያሉ ከፊታችን ይሮጣሉ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ለልጆቹ ይህ እንደ ፀሐይ መውጣት የተለመደ ነገር ነው። አያቶቻቸው ግን ሌላ ዘመን ያውቃሉ። በንጉሡ ዘመን ዒድ የመንግሥት በዓል አልነበረም። ተማሪው በዒድ ቀን ፈተና ቢገጥመው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ የመንግሥት ሠራተኛውም እንዲሁ። ይህ እንዴት ተለወጠ? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ኢስላም ወደ አገራችን የገባው ገና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን፣ ሶሓቦች በነጃሺ ጥላ ሥር በተጠለሉ ጊዜ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ግን ሙስሊሙ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ሲቆጠር ኖሯል። በ1870 ዓ.ል. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ፤ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዑለማዎችም ይህን ተቃውመው ተነሱ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ሆና ተደነገገች። በሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ሙስሊም ርስት ስላልነበረው በሽመናና በንግድ ነበር የሚተዳደረው። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የተባለውም ለዚህ ነው። በመንግሥት አነጋገርም «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር። በስም ላይ የተጨመረች አንዲት «የሚኖሩ» የምትል ቃል ባለ አገሩን ተከራይ ታደርገዋለች።

ውድ አድማጮች፣ ይህን የሙስሊምና የክርስቲያን ጠብ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ ለሚያስብ ሰው የአየርላንድ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። አየርላንድ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ገዢውም ተገዢውም ክርስቲያን ነበር። ነገር ግን ገዢዎቹ ፕሮቴስታንት፣ አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ ካቶሊክ ነበር። እ.ኤ.አ በ1704 በወጣው ሕግ ካቶሊክ መሬት መግዛት ተከለከለ፤ ከ31 ዓመት በላይ መከራየትም አይችልም። አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዶች ልጆቹ ይከፋፈላል፤ የበኩር ልጁ ሃይማኖቱን ከለወጠ ግን ሁሉንም ይወስዳል። ሕጉ ወንድምን ከወንድም ለመለየት እቤት ድረስ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ካቶሊኩ ገበሬ ለማያምንባት ለመንግሥት ቤተ ክርስቲያንም አሥራት ይከፍል ነበር። እንግዲህ በደሉ የሚመነጨው ከአንድ ሃይማኖት ሳይሆን፣ መንግሥት አንዱን ሃይማኖት ይዞ ሌላውን ባይተዋር ከሚያደርግበት ሕግ ነው።

ዳንኤል ኦኮኔል የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ በ1823 የካቶሊኮች ማኅበር አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት የማኅበሩ መዋጮ በወር 1 ፔኒ እንዲሆን ተደረገ፤ ድሃውም ሊከፍለው የሚችል ሳንቲም ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ድሃ ለመብቱ ከኪሱ ያወጣ ባለጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ በ1828 ኦኮኔል በክሌር አውራጃ ተወዳድሮ አሸነፈ። ነገር ግን ወደ ፓርላማ ለመግባት የካቶሊክን እምነት የሚያወግዝ መሐላ መፈጸም ግዴታ ነበር። መንግሥት ሕዝቡ እንዳይነሳ ሰግቶ በ1829 ሕጉን ለወጠ፤ የፓርላማው በር ለካቶሊኮች ተከፈተ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በየካቲት 1966 ዓ.ል. አብዮቱ ፈንድቶ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። መምህሩም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ወታደሩም ጥያቄውን ይዞ ወጣ። ሙስሊሙም ጥያቄዎቹን በ13 ነጥቦች አዘጋጅቶ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን አቀረበ። ሚያዝያ 12 ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ 100 ሺህ ያህል እንደሚሆን የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጣ። ጥያቄዎቹ ግልጽ ነበሩ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ። በ1936 በአዋጅ ለታወቁት የቃዲ ፍርድ ቤቶች በጀት ይመደብ። የመሬት ባለቤትነት መብት ይከበር። በአስተዳደር፣ በዲፕሎማሲና በጦር ሠራዊት በእኩልነት እንቀጠር። ብሔራዊ የሙስሊሞች ምክር ቤት ይፈቀድ። «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሙስሊሙ ብቻውን አልነበረም። ክርስቲያን ተማሪዎችና ሠራተኞችም አብረው ወጥተዋል። ጎረቤት ለጎረቤቱ መብት ሲሰለፍ ታየ። ይህ ሊረሳ የማይገባው ውለታ ነው።

መልሱ ባንድ ቀን አልመጣም። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ በዚያው ዓመት ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ቀንበር ተላቀቀ። በ1968 መጅሊሱ ተቋቋመ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸው ተደነገገ። መጅሊሱ የራሱ ማቋቋሚያ አዋጅ የወጣለት ግን በ2012 ነው። ጥያቄው ከቀረበ 46 ዓመት ሞልቶት ነበር!

አየርላንዶችም ይህን ቀምሰውታል። ያ ሕግ በወጣበት በ1829 ዓመት ለመምረጥ የሚያስፈልገው የይዞታ ግምት ከ2 ፓውንድ ወደ 10 ፓውንድ ከፍ ተደረገ። በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው እጅ ነጠቁ። ፔኒውን ያዋጣው ድሃ ገበሬ ድምፁን አጣ። መሬት አልባ እንደሆነ ኖሮ ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ ሲመታበት 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ። እኛም ዘንድ ደርግ በዓሉን ቢያውጅም ውሎ አድሮ ሃይማኖተኛውን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ያይ ጀመር፤ የሐጅ ጉዞም ተገደበ። በወረቀት የተገኘ መብት ጠባቂ ካጣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚያ ቅዳሜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው። በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር በየቤታችን እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች አሉ። በመጪው ዒድ ቡናው ሲፈላ ልጆቻችን አያታቸውን ይጠይቁ፦ «አባባ፣ ያኔ የት ነበርክ? ማን አብሮህ ነበር?» የሚሰሙትንም በደብተር ይጻፉት። ከእነርሱ ጋር ከተቀበረ በኋላ ማንን እንጠይቃለን?

አላህ (ሱ.ወ) ያለፉትን ይማርልን፤ ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።