ብርሃን ለቤት፣ ሙቀት ለጫጩት

ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከ10 በመቶ ያነሰውን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ኾኖ ይወጣል። ክሩ የሚያበራው 2 ሺህ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲግል ነውና። ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን ክር ሳያግል ስለሚያበራ፣ የባለ 60 ዋቱን ያህል ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ለሚበራ አምፖል የወር ፍጆታው ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1 ነጥብ 35 ይወርዳል።

ለጫጩት አሳዳጊ ግን ሙቀቱ ብክነት አይደለም። የአንድ ቀን ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትሻለች። በጫጩት ቤት ባለ ክሩ አምፖል በኤል ኢ ዲ ቢተካ፣ ብርሃኑ ሳይጎድል ጫጩቶቹ በብርድ ያልቃሉ። የሚግለው አምፖል ግን እሳት እንዳያስነሳ ከጭድና ከገለባ ሊርቅ ይገባል።