ያውቁ ኖሯል? የተለያየ ራም ማቀላቀል ይቻላል

ወረታ ውስጥ ባለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ዴስክቶፑ ሲንቀራፈፍ ባለቤቱ ቀድሞ የሚያስበው ራም መጨመርን ነው። አዲሱ ራም ግን ከነባሩ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት?

ግዴታ የሚሆነው ትውልዱ (ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5) አንድ መሆኑ ነው። ዲዲአር3 240 እግር፣ ዲዲአር4 288 እግር አለው። ዲዲአር5ም 288 ነው፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ቁርጥ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ዲዲአር3 የሚቀበለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 የዲዲአር4 ራም ፈጽሞ አያስገባም። እምቢ ያለውን በጉልበት መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ልክ ይሠራሉ፤ 3200ው ከ2400ው ጋር ሲገጠም 2400 ይሆናል። መጠናቸውም ሊለያይ ይችላል። በብዙ የኢንቴል ማሽኖች 8 እና 4 ጊጋባይት ሲቀላቀሉ ከየአንዳንዳቸው አራት አራቱ በጥንድ መስመር፣ የተረፈው 4 በነጠላ መስመር ይሠራል። ለፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ይህ ጉዳት የለውም፤ ራም ከማነስ በብዙ ይሻላል።

አስቸጋሪው ነገር ከውጭ አይታይም። የአንድ ብራንድ፣ የአንድ ፍጥነት ሁለት ራሞች እንኳ የአንዱ ቺፕ ሳምሰንግ፣ የሌላው ማይክሮን ሊሆን ይችላል። አምራቾች አብሮ መሥራቱን ፈትነው የሚያረጋግጡት በአንድ ማሸጊያ ለሸጡት ጥንድ ብቻ ነው። ያልተስማማ ድብልቅ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣና ያልተቀመጠ ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል። ከገጠሙ በኋላ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም አሳድሮ ማስኬድ ከዚህ ያድናል።

ባሕር ዳር ወርደው የሚገዙ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ነባሩን ራም አውጥተው ይዘው ይሂዱ።