ክኒኑ መዳፍን ሲልጥ

ኬሞቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ይታየናል። ካፔሲታቢን ግን የሚዋጥ ክኒን ነው። ለጡትና ለትልቁ አንጀት ካንሰር ይታዘዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን ተወስዶ ለ7 ቀን ይታረፋል። ሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል ተለውጦ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሕዋሳትን ይገድላል። የቆዳ ሕዋሳትም ፈጥነው ስለሚራቡ ምቱ ለእነርሱም ይተርፋል። መዳፍና ውስጥ እግር ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ፣ ሲሻሹና ሲሞቁ ስለሚውሉ ጉዳቱ እዚያ ይበረታል ተብሎ ይታሰባል። ሐኪሞች «የእጅና እግር ሲንድሮም» ይሉታል።

ሲጀምር ጣት ይደነዝዛል፣ መዳፍ ይነዝራል፣ ያቃጥላል። ከዚያ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይቋጥራል። የሕክምና መጻሕፍት መቅላትን ቀዳሚ ምልክት ያደርጉታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ መዳፉ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ስለዚህ ቀለም ከመጠበቅ ስሜትን ማዳመጥ ይሻላል፦ የቡና ስኒ ከወትሮው በላይ ሲፋጅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያም።

አንዳንዴ የጣት አሻራም ይጠፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ዘገባ ይህን ክኒን ይወስዱ የነበሩ የ62 ዓመት የሲንጋፖር ታካሚ አሜሪካ ሲገቡ አሻራቸው ስላልተነበበ ለ4 ሰዓት መያዛቸውን ያወሳል። ለፋይዳ መታወቂያ ወይም ለፓስፖርት አሻራ የሚሰጥ ታካሚም የሐኪም ደብዳቤ ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ቆዳውን ለመጠበቅ ከሙቅ ውሃ፣ ከጠባብ ጫማና ከምጣድ ግለት መራቅ፣ ዩሪያ ያለበት ቅባት አዘውትሮ መቀባት ይመከራል። በሕንድ 264 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀባ የዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ጄል መካከለኛና ከባድ ጉዳትን ከ15 ወደ 3.8 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል። ጄሉን ለመጀመር ግን ሐኪም መጠየቅ ያሻል።

ትልቁ ችግር ዝምታ ነው። ሕክምናው እንዳይቋረጥበት የሚፈራ ታካሚ ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል፤ ቁስሉ ከከፋ ደግሞ የሚፈራው ይደርሳል። ሕመሙ የዕለት ተዕለት ሥራን ማስተጓጎል ሲጀምር ቢናገር ኖሮ ሐኪሙ ክኒኑን ለጥቂት ቀናት አቁሞ፣ ቆዳው ሲያገግም እንደ ሁኔታው መጠኑን ቀንሶ ያስቀጥለው ነበር። በእረፍቱ ያለፈውን ክኒን በኋላ ደርቦ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።