ድድ ሲደማ መፋቅ አይተውም

በዚህ እትም የጤና ዓምድ ተራው የእኔ ስለሆነ ስለ ድድ ልጽፍላችሁ ነው። ስለ ጥርስ መቦርቦር ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ድድን ግን ማንም አያስታውሰውም፤ ምክንያቱም ሲታመም ብዙ ጊዜ አያምም።

ብዙ ሰው ሲፋቅ ደም ካየ «ድዴን ጎዳሁት» ብሎ ያንን ቦታ መፋቅ ይተዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በየቀኑ ጥርሳችን ላይ የሚያጣብቅ ስስ ነገር ይቀመጣል፤ ጠዋት በምላሳችሁ ብትነኩት ያሙለጨልጫል። ፕላክ ይባላል፤ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ካልተጠረገ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በትንሽ ንክኪም ይደማል። እንግዲህ የሚደማውን ቦታ ስንተወው ፕላኩ ይጨምራል፣ ደሙም ይብሳል ማለት ነው። በቀስታ ግን በደንብ በየቀኑ ቢጸዳ፣ ገና ጅምር ከሆነ በአንድ ሁለት ሳምንት ይሻላል።

ፕላኩ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ምራቃችን ውስጥ ካልሲየም አለ። ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነገር እንደሚጋገርበት ሁሉ፣ ፕላኩም ጥርስ ላይ ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል፤ ታርታር ይሉታል። በተለይ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ይበዛል፤ የምራቅ መውጫ ቀዳዳ እዚያው ምላስ ሥር ስላለ ነው። ይህን መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም።

የእናቴ ድድ መድማት ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አንዷ ጎረቤት «አስነቅይው» አለቻት፣ ሌላዋ «በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ» አለቻት። የጨው ውኃ ያስታግሳል እንጂ ድንጋዩን አያነሳም። በግማሽ ዓመቱ እረፍት ጥርሷን ልታሳጥብ ጎንደር ሄደች። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔም ታናሽ ወንድሜን ለመያዝ አብሬ ሄድኩ፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ።

ባለሙያው መጀመሪያ ስኳር በሽታ እንዳለባትና ነፍሰ ጡር እንደሆነች ጠየቃት። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፤ የድድ በሽታም መልሶ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከዚያ በሚሊሜትር ምልክት ያላት ቀጭን ብረት በጥርሱና በድዱ መካከል እያስገባ ለካ። ጤነኛ ድድ ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ነው። ቀጥሎ ውኃ የሚረጭ፣ ዝዝዝ የሚል መሣሪያ አወጣ። እናቴ «ኧረ ጥርሴን እንዳይሸርፉት!» አለች። እሱም «አይዞዎት፣ እኔ የማነሳው የተጋገረበትን ነው» አላት። እውነትም የምስር ክክ የሚያህል ቡኒ ነገር ወጣ።

«ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ድንጋዩ ሲነሳ በጥርሶቹ መካከል የነበረው ክፍተት ይታያል፣ ለጥቂት ቀንም ቀዝቃዛ ውኃ ይሰማል፤ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ጥርስን የሚያነቃንቀው በሽታው ራሱ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ የተበላው አጥንት ደግሞ ራሱን አይተካም። ያልተቦረቦረ ጥርስ ሲወልቅ «እርጅና ነው» እንላለን እንጂ ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። ባለሙያው ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ ሲላት እናቴ ሳቀች፤ ክፍያውና ትራንስፖርቱ ለእኛ ቤት ከባድ ነበር።

በሌላ አገር ይህን ሥራ ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ዴንታል ሃይጂኒስት ይባላሉ። አልፍሬድ ፎንስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1906 እ.ኤ.አ. አይሪን ኒውማን የተባለች ረዳቱን ጥርስ ማጠብ አስተማራት። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ ማሠልጠኛ ከፈተ። ተመራቂዎቹ ትምህርት ቤት እየገቡ የተማሪዎችን ጥርስ ያጥቡ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ቢመጡ ሰልፉ እስከ ባንዲራው ይደርስ ነበር!

አያቴ ይህን ሁሉ ሳወራ «እኛ እኮ ድዳችንን ተነቅሰን ነው የዳነው» ይላሉ። በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት ተነቅሰው ድዳቸው ጥቁር ነው። ሲስቁ ያምርባቸዋል፣ ይህን አልክድም። ግን ንቅሳቱ ፕላክ አይከለክልም። እንዲያውም ጥቁር ድድ ሲቆጣ መቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ እብጠቱንና ደሙን ነው ማየት። በአንድ መርፌ ብዙ ሴት ልጅ መንቀስ ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል።

ታናናሾች ያላችሁ ይህችን በደንብ አንብቡ። ኖማ የሚባል በሽታ አለ፤ አገራችንም ውስጥ ይገኛል። የሚይዘው በብዛት ምግብ ያነሳቸውን ትንንሽ ሕፃናት ነው፤ አንዳንዴም ከኩፍኝ በኋላ ይመጣል። የሚጀምረው ድድ ላይ ነው፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም፤ ገና ድድ ላይ እያለ ከተደረሰበት በመድኃኒትና በምግብ ይድናል። የሕፃን ድድ ቆስሎ አፉ ክፉኛ ከሸተተና ጉንጩ ካበጠ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው መውሰድ።

ለእኛ ደግሞ መፋቂያ አለን። ወይራም ክትክታም ጥሩ ነው። ልጣጩን ልጦ ጫፉን እስኪበጣጠስ ማኘክ፣ ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ መፋቅ፣ ወደ ጎን መገዝገዝ አይደለም። ከጀርባ በኩልም እንዳትረሱ። የተጠቀማችሁበትን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ለወንድምም ለእህትም አይዋስም። ከሰልና አመድ ጥርስ ይፍቃሉ፣ ተዉአቸው። የጥርስ ሳሙና ያለው ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት በብሩሽ ይጨምርበት፤ ለጥርስ የሚበቃ ፍሎራይድ መፋቂያ ውስጥ አይገኝም። መፋቂያውን ግን ከግቢያችሁ ወይም ከገበያ አምጡ፤ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ መቁረጥ ክልክል ነው።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል