ፖርትን በቶኒ መጀመር

ለፖርት ወይን አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው የስሞቹ ብዛት ነው፦ ሩቢ፣ ቶኒ፣ ቪንቴጅ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የዕድሜ ቁጥር። አብዛኛው ሰው በዋጋው ተመርቶ ይገዛል። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው እላለሁ፤ ወይኑ የበሰለው በእንጨት ውስጥ ነው ወይስ በጠርሙስ?

አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው። ወይኑ የሚበቅለው በሰሜን ፖርቱጋል፣ በዶውሮ ወንዝ ሸለቆ፣ ገደላገደሉን በሸነሸኑ እርከኖች ላይ ነው፤ ክልሉ እ.ኤ.አ. በ1756 በፖርቱጋሉ ሚኒስትር በማርኬስ ደ ፖምባል ዘመን በሕግ ተከልሏል። ጭማቂው እየፈላ ሳለ፣ ገና ብዙ ስኳር እያለው፣ የአልኮል መጠኑ 77 በመቶ የሆነ የወይን አረቄ ይጨመርበታል። እርሾው ይሞታል፤ ጣፋጭነቱ ይቀራል፤ ጥንካሬውም 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። አረቄው የደካማ ወይን መሸፈኛ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ይኸው ሸለቆ ባርካ ቬልያን የመሰሉ፣ አረቄ የማይነካቸው ስመ ጥር ቀይ ወይኖችንም ያፈራል። ፍሬው ደካማ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ባልተገኙ ነበር።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሩቢ ከአየር ብዙ ሳይገናኝ በትልልቅ ዕቃ ቆይቶ ገና ወጣት ሳለ ይታሸጋል፤ ስለዚህ ቀይነቱንና የፍራፍሬ ጣዕሙን ይዞ ይቀራል። ቶኒ ግን 550 ሊትር ገደማ በሚይዙ በርሜሎች ዓመታት ያሳልፋል። በእንጨቱ በኩል ቀስ እያለ የሚገባው አየር ቀይነቱን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል፤ የለውዝ፣ የደረቀ በለስና የብርቱካን ልጣጭ ጣዕምም ያወጣል። ቪንቴጅ ከተመረጡ ዓመታት ብቻ ይሠራል፤ በእንጨት ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የቀረውን አሥርተ ዓመታት በጠርሙስ ያሳልፋል።

ታዲያ የፖርት ቁንጮ ቪንቴጅ ከሆነ ለምን ከእሱ አይጀመርም? ቁንጮነቱን አልክድም። ይሁንና ወጣቱ ቪንቴጅ አፍ የሚያሳስር ጥንካሬ አለው፤ ያረጀው ውድ ነው፣ አተላው እንዳይበጠበጥ ተጠንቅቆ መገልበጥን ይጠይቃል፣ ከተከፈተም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። የ10 ዓመት ቶኒ ግን ለመጠጣት ደርሶ ይሸጣል። አየርን በበርሜሉ ውስጥ ስለለመደ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ጀማሪም በትንሽ በትንሹ እየቀዳ ሊያጠናው ይችላል። ቁጥሩ የእያንዳንዱ ጠብታ ዕድሜ ሳይሆን ልዩ ልዩ ዓመታት ተቀላቅለው የሚሰጡት ጠባይ ነው።

ጣፋጭነቱን የሚፈራ ሰው ቀዝቀዝ አድርጎ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከለውዝ ወይም ከጠንካራ አይብ ጋር ይቅመሰው። ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ሩቢ ካለ ደግሞ እንጨቱ የሠራው ሥራ ወዲያው ይለያል።