አመድ፣ እንዶድና የወይራ ጭስ፦ በየቤታችን ያለ ኬሚስትሪ

ኬሚስትሪ የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የላቦራቶሪ ብልቃጥ፣ ነጭ ጋዋንና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀመር ነው። ይሁን እንጂ ኬሚስትሪ ከላቦራቶሪ በፊት ማድ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። በደቡብ ጎንደር በታች ጋይንት ወረዳ በአርብ ገበያ ዙሪያ፣ እንዲሁም በላይ ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባሉ መንደሮች፣ ድስት በአመድ ይፈተጋል፤ ጋቢ በእንዶድ ይታጠባል፤ የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል፤ ወለል በእበት ይለቀለቃል። እነዚህ ዘዴዎች የዚያ አካባቢ ብቻ ሳይሆኑ የአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሕዝብ ሀብት ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሥራ ሲተላለፉ የኖሩ በመሆናቸው፣ ምክንያታቸው በጽሑፍ ተብራርቶ አይገኝም።

ለመሆኑ እነዚህ ዘዴዎች በእርግጥ ይሠራሉ? የሚሠሩ ከሆነስ በምን ምክንያት? ከጉዳትስ ነጻ ናቸው? ስለ እነርሱ ስናስብ ከሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች መጠንቀቅ ይገባናል። አንደኛው ሁሉንም «ኋላ ቀር» ብሎ መጣል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ ሁሉንም መቀበል ነው። ሳይንስ የሚያስተምረን እያንዳንዱን ለይቶ መመርመርን ነው። በዚህ ጽሑፍም ይህንኑ ለማድረግ እንሞክራለን።

አመድ፦ ከምድጃ የሚወጣ አልካላይ

እንጨት ሲቃጠል ካርቦኑና ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሆነው ይበናሉ። ተክሉ ከአፈር የወሰዳቸው ማዕድናት ግን አይበኑም፤ አመድ ሆነው ይቀራሉ። ከእንጨት አመድ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የካልሲየም ውሑዶች ሲሆኑ፣ እነዚህ በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። በቀላሉ የሚሟማውና ለጽዳት የሚጠቅመው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ጨው ውሃ ሲያገኝ የሃይድሮክሳይድ አዮኖች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ ስለዚህም የአመድ ውሃ አልካላይ ይሆናል። ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ነው።

አልካላይ ቅባት ሲያገኝ የቅባቱን ሞለኪውል ሰንጥቆ ወደ ግሊሰሪንና ወደ ቅባት አሲድ ጨው ይለውጠዋል። ይህ የቅባት አሲድ ጨው ሌላ ምንም ሳይሆን ሳሙና ነው! እንግዲህ የወጥ ድስት በአመድና በሙቅ ውሃ ሲፈተግ፣ በድስቱ ላይ የቀረው ቅባት ከፊሉ እዚያው ሳሙና ሆኖ የቀረውን ቅባት ያስለቅቃል ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ በአመድ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ጥላሸትንና እርርን ይፍቃሉ። በተለይ የኩበት አመድ ከሣርና ከጭድ የመጣ ሲሊካ ስለሚበዛበት ለመፈተግ የተሻለ ነው፤ ለአልካላይነት ግን የእንጨት አመድ ይበልጣል።

የሰው ልጅ ለአመድ ያለው ባለዕዳነት ከዚህም ይሰፋል። ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው በአውሮፓ የአመድ ውሃ በማሰሮ ተንተክትኮ ከሚገኘው «ፖታሽ» ከተባለው ጨው ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣውም ከፖታሽ በተገኘ አልካላይ ነው።

አመድ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ነቀዝን ለመከላከልም ይውላል። እዚህ ላይ የሚሠራው በዋናነት ኬሚስትሪ ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ደቃቁ ዱቄት በነፍሳቱ ገላ ላይ ያለውን የሰም ሽፋን ይፍቃል፤ ነፍሳቱም በሰውነታቸው ያለውን ውሃ አጥተው ይደርቃሉ። በእህሉ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላም እንቅስቃሴያቸውን ያግዳል።

ጥንቃቄው ምንድን ነው? የአመድ ውሃ የእጅን ቆዳ ያደርቃል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ያቃጥላል። የአሉሚኒየም ድስትም በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም። አሉሚኒየምን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን በአልካላይ ስለሚበላ፣ ድስቱ ይጠቁራል፣ እየሳሳም ይሄዳል። ለሸክላና ለብረት ግን ይህ ሥጋት የለም።

እንዶድ፦ ከቁጥቋጦ የሚለቀም ሳሙና

እንዶድ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች በአጥር ዙሪያና በየጥሻው የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ሳይቀላ በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያም ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። የዚህ አረፋ ምክንያት ሳፖኒን የሚባሉ ውሑዶች ናቸው።

የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ባሕርይ አለው። አንደኛው ጫፉ ስኳር ስለሆነ ውሃ ወዳድ ነው፤ ሌላው ክፍሉ ቅባት ወዳድ ነው። ቅባት ወዳዱ ክፍል በልብሱ ላይ ካለው እድፍ ጋር ሲጣበቅ፣ ውሃ ወዳዱ ክፍል ደግሞ እድፉን ወደ ውሃው ይስበዋል። ከዚህም ሌላ የውሃውን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ፣ ውሃው በድርና በማጉ መካከል በቀላሉ እንዲሰርግ ያደርጋል። እንዶድ እንደ አመድ ውሃ ኃይለኛ አልካላይ ስላልሆነ የጥጥና የሱፍ ልብስን አይጎዳም። ጋቢና ነጠላ ለዘመናት በእንዶድ የታጠቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዶድ በዓለም ሳይንስ መድረክ ስሙ የተጠራው ግን በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በዶክተር አክሊሉ ለማ አማካይነት ነው። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል የሕይወቱን ከፊል ዘመን የሚያሳልፈው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን መግደል የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ ማለት ነው። በዚሁ መነሻነት በዓድዋ በተካሄደው የሙከራ መርሐ ግብር፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተዘግቧል። ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ ረቂቅ ነገር እንጨምር። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ግን፣ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሞለኪውሉ የስኳሩን ከፊል ቆርጦ ያነሣል፤ ገዳዩ ዓይነት ሳፖኒን የሚገኘውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ መውቀጥና መዘፍዘፍ ተራ ዝግጅት ሳይሆኑ የኬሚስትሪው ዋና ክፍል ናቸው።

ይህ ኃይል ግን ሁለት ስለት እንዳለው ቢላዋ ነው። ሳፖኒን ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል፤ የቀይ ደም ሕዋሳትንም ያፈነዳል። ከታች ጋይንት ሸለቆዎች የሚወርደው ውሃ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢን ወንዝ ውስጥ ከማፍሰስ ይልቅ ራቅ ብሎ በአፈር ላይ መድፋት ይመረጣል። እንዶድን እንደ መድኃኒት መጠጣትም ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል አደገኛ ነገር ነው።

ወይራና ጥንጁት፦ ጭስ ምን ይሠራል?

የወተት ቅል ከታጠበ በኋላ የሚጤስ የወይራ እንጨት ወይም ጥንጁት ውስጡ ይደረግና ታፍኖ ይታጠናል። ጥቅሙ ለመዓዛ ብቻ አይደለም። እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲጤስ፣ በውስጡ ያለው ሊግኒን ተሰባብሮ ፊኖል የሚባሉ ውሑዶች ይፈጠራሉ፤ ከእነርሱም ጋር ፎርማልዲሃይድና አሴቲክ አሲድ ይወጣሉ። እነዚህ ሁሉ የባክቴሪያን እድገት የሚገቱ ናቸው።

የቅል ውስጠኛ ገጽ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ፣ በእጥበት ብቻ የማይወጡ ባክቴሪያዎች በየስርቻው ይቀራሉ። ጭሱ ግን እዚያ ድረስ ይገባል። ሙቀቱም ቅሉን ያደርቀዋል፤ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ እርጥበት አይራባም። በዚህ የተነሣ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ቶሎ አይበላሽም፣ እርጎውም ጣዕሙ ያማረ ይሆናል። ይሁንና ማጠን ወተትን ማፍላትን አይተካም። እንደ ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያሉ ከከብት ወደ ሰው በወተት የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚገታው በቂ ሙቀት ነው።

ጭስ በዕቃ ውስጥ ሲሆን ጠቃሚ ቢሆንም፣ በሳንባ ውስጥ ግን ጠላት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። የዚህ ጉዳት ዋና ተሸካሚዎች ምድጃ ሥር የሚውሉ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ዕቃ የሚታጠነው ደጅ ላይ፣ ሕፃን ሳይታዘል ቢሆን የተሻለ ነው።

ጋንና ምጣድ

የጠላ ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ነው። የግራዋ ቅጠል ሻካራ ስለሆነ ይፈትጋል፤ በውስጡ ያለው ሳፖኒን እድፍን ያስለቅቃል፤ መራራነቱን የሚሰጡት ውሑዶችም ጀርሞችን የመቋቋም ኃይል አላቸው። ሸክላ ሳሙናን ስለሚመጥ፣ ሽታው ቆይቶ ወደ ጠላው ይገባ ነበር። ግራዋ ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

ምጣድ ማሟሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አዲስ ምጣድ በእሳት ግሎ በተፈጨ የጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል። የጎመን ዘር ዘይት ድርብ ትስስር ያላቸው የቅባት አሲዶች በብዛት ይገኙበታል። እነዚህም በሙቀትና በኦክስጅን አማካይነት እርስ በርሳቸው ተሳስረው ረጃጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ሂደቱ ፖሊመር መሆን ይባላል። ውጤቱም የሸክላውን ቀዳዳዎች የደፈነ፣ ጥቁርና ልሙጥ ሽፋን ነው። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። ምጣድን በሳሙና መፈተግ የማይመከረውም ይህንኑ ሽፋን ላለማጣት ነው።

የእበት ልቅላቂ፦ ጥቅሙና ሥጋቱ

በአፈር ወለል ቤት ትልቁ ችግር አቧራና ስንጥቅ ነው። የቁንጫ እንቁላልና እጭ የሚያድጉት በዚሁ ስንጥቅና አቧራ ውስጥ ነው። ያልተፈጨ የሣር ጭረት በእበት ውስጥ ስላለ፣ ልቅላቂው ሲደርቅ ጭረቶቹ እንደ ማገር ሆነው አፈሩን ያያይዛሉ፤ ስንጥቁም ይደፈናል። አውድማ በእበት የሚለቀለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እህሉ ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል።

ይሁን እንጂ እበት ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞችንና የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ዘሮችን ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ዘሮች ድርቀትን ተቋቁመው ለዓመታት ይኖራሉ። ስለሆነም እበት ሲለቀልቁ የቆሰለ እጅን መጠበቅ፣ ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚድኽ ሕፃን ባለበት ቤት ምንጣፍ ማንጠፍ ተገቢ ነው። በአራስ ሕፃን እትብት ላይ እበት ማድረግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል።

አሮጌውና አዲሱ ሲገናኙ

ዛሬ በየገበያው በረኪና፣ ዱቄት ሳሙናና ልዩ ልዩ የጽዳት ፈሳሾች ይሸጣሉ። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ነባሩንና አዲሱን ያለ ዕውቀት በመቀላቀል ነው። ሎሚ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር በሲትሪክ አሲዱ ያሟሟል፤ ዝገትንም ያስለቅቃል። በረኪናም ጀርምን በመግደል የታወቀ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደረጉ ግን ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 በጦር መሣሪያነት የዋለው ያው ጋዝ ነው! በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ጋር ማገናኘት፣ በተለይ በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

እስቲ እንሞክረው

ከላይ የተነገረውን በትምህርት ቤት ወይም በቤት ማረጋገጥ ይቻላል።

1. አንድ እፍኝ የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት። ነጭ ጨርቅ በእርድ ውሃ ነክራችሁ አድርቁ። በጨርቁ ላይ የአመዱን ውሃ በእንጨት ጫፍ ጠብ ስታደርጉ ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ሎሚ ስትጨምሩበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድ የአሲድና የአልካላይ መለያ ሆኖ ያገለገላችሁ ማለት ነው።

2. በሰሐን ውሃ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በትኑ። አንድ ጠብታ የእንዶድ ውሃ መካከሉ ላይ ስታደርጉ ዱቄቱ ወደ ዳር ይሸሻል። ይህም የገጽ ውጥረት መቀነሱን ያሳያል።

በሙከራው የተጠቀማችሁበትን ማንኛውንም ነገር አትቅመሱ፤ ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ለማጠቃለል፣ እናቶቻችን አልካላይ፣ ሳፖኒንና ፖሊመር የሚሉትን ቃላት ባያውቋቸውም ሥራቸውን ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ያዩትን፣ ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሰው አይቶት ይሆናል፤ እርሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ። አንባቢ ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ ቤትህ ወይም ወደ ቤትሽ ስትመለሱ፣ እናትና አያቶቻችሁ የሚያደርጉትን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ አሠራሩን ጠይቃችሁ መዝግቡ። በቃል ብቻ የኖረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።