ቀብቃብ፦ ከውዱእ ቦታ እስከ ዒድ ጫማ

ረመዳን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ «ለዒድ ምን ጫማ ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ልጆቻችን በስልካቸው ከሚያሳዩን ፋሽኖች አንዱ ሶሉ ከእንጨት፣ ላዩ ከቆዳ የተሠራ ጫማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የስዊድን የእንጨት ጫማ በብዙ አገር ፋሽን ነበር። ይህን ያየ ወላጅ «የፈረንጅ ነገር ነው» ሊል ይችላል። የእንጨት ጫማ ግን ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም።

ዐረቦች «ቀብቃብ» ይሉታል። ስሙ ከድምፁ የወጣ ነው፤ በድንጋይ ወለል ላይ ሲሄዱበት ቀብ ቀብ ይላል። በደማስቆ፣ በካይሮና በኢስታንቡል የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች እግርን ከእርጥቡ ወለል ከፍ አድርጎ ይይዝ ነበር። በመስጊድም ውዱእ ያደረገ ሰው የታጠበ እግሩ እንዳይቆሽሽ ይጫማው ነበር። ዛሬ በየመስጊዳችን የውዱእ ቦታ የምናገኘው የላስቲክ ነጠላ ጫማ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። በደማስቆ ከታላቁ የኡመውያ መስጊድ ደቡባዊ ግድግዳ አጠገብ በቀብቃብ ሠሪዎች ስም የሚጠራ ገበያ አለ።

የድሃው ቀብቃብ ጥርብ እንጨትና የቆዳ ማሰሪያ ብቻ ነው። ለባለጸጋና ለሙሽራ ግን ከባሕር ዛጎል በሚወጣ ሰደፍና በብር ያጌጠ፣ ከመሬትም ከፍ ያለ ቀብቃብ ይሠራ ነበር። ለንጽሕና የመጣው ጫማ እንዲህ እያለ የማዕረግ መለያ ሆነ።

ታዲያ አምሮ መታየት ነውር ነው? አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት መውደዱ ኩራት እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው ነበር። እርሳቸውም አላህ ውብ መሆኑን፣ ውበትንም እንደሚወድ ነገሩ፤ ኩራት ማለት እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረዱ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ለልጃችን ያማረ ጫማ ብንገዛ ወቀሳ የለብንም። የሚያስወቅሰው ልጃችን በዚያ ጫማ ምክንያት ጫማ የሌለውን የጎረቤት ልጅ ዝቅ አድርጎ ሲያይ ዝም ማለታችን ነው።

የድምፁም ነገር አለ። በሱረቱ ኑር ሴቶች የደበቁት ጌጥ እንዲታወቅ እግራቸውን እንዳይመቱ ተነግሯቸዋል። ሉቅማንም ልጁን በምድር ላይ በእብሪት እንዳይሄድ፣ በአካሄዱም ልከኛ እንዲሆን መክሮታል። የእንጨት ሶል በጠንካራ ወለል ላይ መጮኹ አይቀርም። እንግዲህ በተራዊህ ሰዓት የሚጫማው ሰው ከመስጊዱ በር ራቅ ብሎ ቢያወልቀውና በቀስታ ቢያስቀምጠው በሶላት ያለውን ሰው ልብ አይበትንም። ለሚሯሯጡ ሕፃናት ደግሞ የማይተጣጠፍ ሶል ስለሚከብድ ወላጅ ያስብበት።

ስለ ጫማ ድምፅ ካነሳን ቢላል ኢብኑ ረባሕን (ረ.ዐ) አለማስታወስ አይቻልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የዚህን ሐበሻ ሰሓባ የጫማ ኮቴ በጀነት ሰምተው፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ተስፋ የሚያደርግበት የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። ቢላልም በሌሊትም ሆነ በቀን ውዱእ ባደረገ ቁጥር የተጻፈለትን ያህል ሶላት ሳይሰግድ እንደማይቀር ነገራቸው። ጫማው ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እንዳወጣ ማንም አልጠየቀም።

እናቶችና አባቶች፣ ለዒድ ጫማ ስትገዙ ዘካተል ፊጥራችሁ ከዒድ ሶላት በፊት ለሚገባው ሰው መድረሱን አትርሱ። አቅም ያለው ከልጁ ጫማ ጋር ለአንድ የቲም ልጅም ይግዛ። በዒድ ጠዋት ልጆቻችሁ አዲሱን ጫማ ሲያጠልቁ በቀኝ እግራቸው እንዲጀምሩ፣ ሲያወልቁም በግራ እንዲጀምሩ አስተምሯቸው፤ የነቢዩ ሱና ነውና።

አላህ ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። አሚን።